መቅዘፊያው እንዳይወልቅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬ አርፎ አያውቅም። ጎሕ ሳይቀድ እነሳለሁ፤ ከቤቴ እስከ ጣና ዳር በእግሬ እወርዳለሁ፤ የቆሙትን ጀልባዎች አንድ በአንድ አይና እመለሳለሁ። ቁርሴን ሳልጨርስ ደግሞ እነሳለሁ። ባለቤቴ የሻረግ መጀመሪያ ታዝንልኝ ነበር፤ አሁን ግን ታክቷታል። "አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥ ተብለህ እየተከፈለህ ምነው አልቀመጥ አልህ?" ትለኛለች። የሚከፈለኝን ነገር ባናነሳው ይሻላል። መቀመጡ ግን እውነትም አልሆነልኝም። ሐይቁ እዚያ እያለ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ምን እሠራለሁ?

ጠላቂ ነበርሁ። ባሕር ዳር ላይ ጠላቂ ነኝ ብትል ሰው ዓሣ አጥማጅ ትመስለዋለህ። እኛ ግን የአየር ሲሊንደር ጀርባችን ላይ አዝለን፣ የእርሳስ ቀበቶ ታጥቀን፣ ከጀልባ ሆድ ሥር የምንገባ ነን። ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ መረብ እንቆርጣለን፤ የሰጠመ መልሕቅ እናወጣለን፤ የተሰነጠቀ ብረት በእጃችን እየዳሰስን እንፈልጋለን። እየዳሰስን የምለው ወድጄ አይደለም። የጣና ውኃ ከላይ ሲያዩት ያምራል እንጂ ከውስጥ እንደ ጭቃ ሾርባ ነው፤ የራስህን ክንድ አታየውም። ሰው ሲሰምጥም የሚጠሩት እኛን ነው።

በሐይቁ ጀልባዎች ድርጅት ስቀጠር ቀለም ቀቢ ነበርሁ። ደረቅ ላይ የወጡ ጀልባዎችን ሆድ እፍቃለሁ፣ እቀባለሁ። አንድ ቀን የጠላቂዎቹ ኃላፊ ጋሼ ልሳነወርቅ አጠገቤ ቆሙና፣ "እስቲ ጫማህን አውልቅ" አሉኝ። ሰርቄ የተያዝሁ መሰለኝ። አወለቅሁ። ጎንበስ ብለው እግሬን አገላብጠው አዩት፤ ጣቶቼን ለየት ለየት አደረጓቸው፤ ተረከዜን ጨበጥ አደረጉት። "ደኅና እግር ነው። ዋና ትችላለህ?" አሉ። እችላለሁ አልሁ። በቃ፣ ሥራ የቀየርሁት እንዲህ ነው።

ጋሼ ልሳነወርቅ የመሪጌታ ልጅ ናቸው። ልጅነታቸውን ዜማ ቤት፣ ወጣትነታቸውን ምጽዋ ባሕር ውስጥ አሳልፈው ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት። ውኃ ሲገቡ ያማትባሉ፤ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት እግራቸውን ነው። ፈረንጅ ፊን የሚለውን፣ እግር ላይ የሚጠለቀውን ሰፊ ጎማ፣ እሳቸው መቅዘፊያ ይሉት ነበር፤ እኛም መቅዘፊያ ብለን ቀረን። "አየር ሳንባህን ይይዝልሃል፤ ሥራህን የሚይዝልህ ግን መቅዘፊያ ነው። እሱ ከከዳህ ውኃ ውስጥ የተጣለ ጆንያ ነህ" ይሉ ነበር።

እሳቸው ዘንድ መቅዘፊያ መምረጥ ጫማ እንደ መግዛት አልነበረም። በጫማ ቁጥር ማመን ክልክል ነው፤ አንዱ ፋብሪካ አርባ ሁለት ያለውን ሌላው አርባ አራት ይለዋል። የሚለካው ወደ ማታ ነው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲያብጥ። ቦቲ፣ ያንን ወፍራም የጠላቂ ጎማ ጫማ፣ አድርገህ የምትጠልቅ ከሆነ ያንኑ ቦቲ አድርገህ ትለካለህ፤ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ አስቀምጠው አንድ እግርህን ወደ ላይ ያስነሱሃል። "ጭቃ አራግፍ" ይሉሃል። ታራግፋለህ። ተረከዝህ ላይ ሸርተት ካለ አውልቅ፣ ሌላ አምጣ። ካልተንሸራተተም አላለቀም፤ መቅዘፊያውን እንዳደረግህ ጋዜጣ ይሰጡህና አንብብ ይላሉ። ጣትህ መታጠፍ ከጀመረ፣ የእግርህ ቅስት ከተጨነቀ፣ ጋዜጣውን ሳትጨርስ እግርህ ይነግርሃል። እዚህ ያልተናገረ እዚያ ጭቃ ውስጥ ባትህን አኮማትሮ ይናገራል። እኔ ማንበብ የለመድሁት በዚህ ሳቢያ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ሰፊውን ጫፉን ምላስ ይሉታል። ምላሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ያጎብጡታል። እንደ ጣውላ የሚገተር ከሆነ ጭንህን ይጨርሳል፣ አየርህንም በቶሎ ይበላል። እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍ ከሆነ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ወንዙ ወደፈለገበት ይወስድሃል። ለጣና አጠር፣ ሰፋ ያለ፣ መካከለኛ ነው የሚመርጡት። ረጅሙ ጭቃውን ያማስላል፤ በደንገሉ ሥርም ይያዛል። የማሰሪያውን ዘለበት ደግሞ መረብ እንዳይነክሰው በፕላስተር ይሸፍኑታል። ይህን ሁሉ ያደርጉ የነበረው እየተነጫነጩ ነው። "እናንተ እግራችሁን አታውቁትም" ይሉን ነበር።

አለቃ ብዙ አይቻለሁ። አንዱ፣ ስሙን ልተወው፣ ከላይ ተልኮ የመጣ ሥራ አስኪያጅ፣ ለሁላችንም አንድ ልክ መቅዘፊያ በጅምላ አስገዝቶ በደስታ አከፋፈለን። "ማሰሪያ አለው አይደል፣ ታጠብቁታላችሁ" አለ። ጋሼ ልሳነወርቅ አንዱን ወስደው የሥራ አስኪያጁ እግር ላይ አሰሩና "እስቲ ጭቃ አራግፉ" አሉት። መቅዘፊያው በሮ የቢሮውን በር መታ። ሳቅን። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ፤ ሆኖም ዕቃው አልተመለሰም። ቁንዝላ ሲልኩኝም ጎርጎራ ሲልኩኝም ያው ሰፊ መቅዘፊያ አብሮኝ ዞረ፤ ስፋቱን በቦቲ እየሞላሁ ሠራሁበት። ቦቲ ካደረግህበት ደኅና ነበር። ይህን እወቁልኝ፤ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ቀን ወደ አንዱ ደሴት ገዳም ተጠራን። የገዳሙን ግንብ ለማደስ አሸዋ የጫነች ጀልባ ወደቡ አጠገብ ተገልብጣ አንድ ግንበኛ ውኃው ውስጥ ቀርቷል። እናቱ ከአንበሳሜ መጥታለች። ሴት ወደ ደሴቱ ስለማትዘልቅ ወደቡ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ ውኃውን ብቻ ታያለች።

ያ ወደብ ለጋሼ ልሳነወርቅ ተራ ወደብ አልነበረም። ጥምቀት ሲሆን የገዳሙ ታቦት የሚያድረው እዚያው ዳር ነው፤ ውኃው የሚባረከውም እዚያ ነው። እኔ ጀልባው ላይ ገመድ ስፈታ እሳቸው ዳር ላይ ከገዳሙ መጋቢ ከአባ ገብረ ማርያም ጋር ዝግ ብለው ሲነጋገሩ አየሁ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። መነኩሴው እጃቸውን አወዛወዙ፤ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቁጭ ብለው ቦቲያቸውን አወለቁ። ያንን ሰፊ መቅዘፊያ በባዶ እግራቸው አጠለቁት፤ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ሳቡት።

"ጋሼ፣ ይሰፋዎታል እኮ" አልሁ።

"ዝም ብለህ ገመድህን ያዝ" አሉኝ።

ገመድ መያዝ ማለት ታች ያለውን ሰው በእጅህ ማየት ነው። ደኅና ሲዋኝ ገመዱ ልከኛ በሆነ ምት ሳብ፣ ላላ፣ ሳብ፣ ላላ ይላል። የእሳቸውን ምት ከማንም ለይቼ አውቀዋለሁ። በመጨረሻ ሁለት ጊዜ ተሳበ። አገኘሁት ማለት ነው። እናትየዋ ፊቴን አይታ ተነሳች። ቀስ እያልሁ መሳብ ስጀምር ምቱ ተበላሸ። ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጎትታል። ከዚያ ገመዱ ቀለለኝ።

ጋሼ ብቻቸውን ወጡ። አንዱ እግራቸው መቅዘፊያው ወልቆ ባዶ ነበር፤ ባታቸው ተኮማትሮ ድንጋይ ሆኗል። ጀልባው ላይ ጎትተን ስናወጣቸው፣ "ይዤው ነበር። እጁን ይዤው ነበር" ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ፤ ማዕበሉ ወደ ውኃው አላስገባን አለ። በማግሥቱም በሳምንቱም ፈለግን። ግንበኛው አልተገኘም።

እናትየዋ ጋሼ ዘንድ መጣች። "እጁን ይዘውት ነበር አሉኝ። የቀኙን ነው የግራውን?" አለቻቸው።

"የቀኙን" አሉ።

ራሷን ነቀነቀች። የሚቀበር ሳትይዝ ወደ አንበሳሜ ሄደች። ጋሼ ልሳነወርቅ ከዚያ በኋላ ውኃ አልገቡም። ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጠው ጡረታቸውን ጠበቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ስለዚያ ቀን ያነሱልኝ ነገር የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የጠየቅሁት ባይኖርም የፈረድሁት ነበር። ቦቲያቸውን ያስወለቁት አባ ገብረ ማርያም ናቸው ብዬ ቁርጥ አድርጌ ያዝሁ። በእውቀታቸው ወደር የሌላቸውን ሰው አንድ መነኩሴ ለወግ ብሎ አጠፋብኝ አልሁ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ገዳም ለሥራ ስሄድ መስቀላቸውን ተሳልሜ አላውቅም፤ ዘወር እላለሁ። ውኃው ግን የታቦቱ ነውና በቦቲ ለመግባትም አልደፈርሁም። ዱባይ የሚመላለስ ዘመዴን ለምኜ፣ እግሬን በካርቶን ላይ ልኬ ሰጥቼው፣ በባዶ እግር የሚጠለቅ፣ ተረከዙ የተዘጋ መቅዘፊያ አስመጣሁ። እንደ ቆዳዬ ልክክ አለልኝ። ለገዳም ውኃ ብቻ አደርገው ነበር። ብርዱ እግሬን ሲቆረጥመኝ መነኩሴውን እረግማለሁ።

ጡረታ ስወጣ በእኔ ቦታ የገባው ከድር ነው። የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ሱቅ አስይዘውት እምቢ ብሎ ወደ ውኃ የመጣ። ልበ ሙሉ ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። የራሱን መቅዘፊያ ሲገዛ አብሬው አዲስ አበባ ወረድሁ። ማንም አልጠራኝም፤ ሄድሁ። ልጁ ስልኩ ላይ ያየውን አረንጓዴ፣ ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ መቅዘፊያ አንሥቶ ሲያገላብጥ፣ "እሱ ለሰማያዊ ባሕር ነው። አንተ የምትገባው ጭቃ ውስጥ ነው" አልሁት። ሻጩ ቁጥሩን ጠየቀን። ቁጥር የለንም፣ እግር አለን አልሁት። ከድርን ቦቲውን አስደርጌ አስቀመጥሁትና ጋዜጣ ሰጠሁት።

"ጋሼ፣ ሱቅ ውስጥ ጋዜጣ ላነብ ነው?" አለ።

"ስፖርቱን አንብብ፣ አጭር ነው።"

ሦስተኛው መቅዘፊያ ጋዜጣውን አስጨረሰው። አጭር፣ ሰፋ ያለ፣ ማሰሪያው የሚለጠጥ የብረት ጥምዝ የሆነ፣ ዘለበት የሌለው። እግሩን ሲያራግፍ ንቅንቅ አላለም። ደስ አለኝ። መኪና ላይ ግን ሐሳብ ያዘኝ። ይህ የሚገጥመው በቦቲ ነው። ገዳሙ ቢጠራውስ? ቦቲውን ቢያወልቅስ? አንድ የባዶ እግር ልክም እናሠራ ብዬ ጨቀጨቅሁት። "ያኔ እናየዋለን፣ ጋሼ" ይለኛል። ጎሕ ሳይቀድ የሚያስነሳኝ ይኸው ነው። የሻረግ ስለ ጀልባ የምጨነቅ ይመስላታል፤ እኔ ስለ አንድ ልጅ ተረከዝ ነው የምጨነቀው።

ያኔ ደግሞ መጣ። በዚህ ዓመት ከገዳሙ ንግሥ የሚመለስ ጀልባ ወደቡን ለቅቆ ሳይርቅ ተገልብጦ አንድ አስተማሪ ቀረ። ከድር ደወለ። "ጋሼ፣ ጠዋት እንሄዳለን። ገመድ የሚይዝልኝ ሰው የለም።" የሻረግ ስልኩን ሰምታ ተነስታ ካፖርቴን አቀበለችኝ። ተቀመጥ አላለችኝም። የእኔን የተዘጋ መቅዘፊያ ከአልጋ ሥር አውጥቼ በጆንያ ያዝሁ።

ወደቡ አልተለወጠም። ያ ድንጋይ ላይ የአስተማሪው አባት ተቀምጠዋል፤ ከዱርቤቴ የመጡ ገበሬ፣ ጋቢያቸው ጭቃ ነክቶታል። አጠገባቸው አባ ገብረ ማርያም አሉ፤ አርጅተው ጎብጠዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ዘወር ብዬ ገመዴን ፈታሁ። ቀና ስል ከድር ቁጭ ብሎ የቦቲውን ዚፕ ይፈታል።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"የእምነት ቦታ ነው፣ ጋሼ። ታቦታቸው የሚያድርበት ነው ብለው እርስዎ አልነገሩኝም? እኔ በጫማ አልገባበትም።"

"ማን አውልቅ አለህ?"

"ማንም አላለኝም። መስጊድ ደጅ ነው ያደግሁት፤ ይህ ለእኔ ይነገረኛል እንዴ?"

ንግግሩ የጋሼ ልሳነወርቅ ነበር የመሰለኝ። ጆንያዬን ፈትቼ የእኔን መቅዘፊያ አጠለቅሁለት። ተረከዙ ውጭ ቀረ፤ ጣቶቹ ውስጥ ታጠፉ። ገፋን፣ በውኃ አራስን፣ አልሆነም። የራሱን በባዶ እግሩ አድርጎ "ጭቃ አራግፍ" ስለው እንደ ሰፌድ ተወዘወዘ። "ማሰሪያውን በገመድ አጠብቀዋለሁ" አለ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ከወዲያ ማዶ የውኃው ቀለም መጠቆር ጀምሯል፤ ነፋሱ ቀድሞ ሊመጣ ነው። አባትየው ከድንጋዩ ላይ ሆነው እኛን ያያሉ።

ለዚያ መነኩሴ ቃል ላለመተንፈስ ምዬ ነበር። ሄድሁ። "አባ፣" አልሁ በንዴት። "እባክዎ ይህ ልጅ ቦቲውን አድርጎ ይግባ ይበሉት። በዚያን ጊዜ ጋሼ ልሳነወርቅን አስወልቀው የሆነውን አይተዋል። ዛሬ እንኳ ተዉ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። "እኔ አስወለቅሁት?" አሉ። "ልጄ፣ አታውልቅ ብዬ ነው የለመንሁት። ውኃውን እግዚአብሔር የባረከው ለሰው ነው፣ ከነጫማህ ግባ ብዬዋለሁ። እሱ ግን አባቴ መሪጌታ ቢያየኝ ምን ይላል አለኝ። ምነው ባዘዝሁት ኖሮ። ለምኜ ተውሁት፤ አላዘዝሁትም። ይኸው እስከ ዛሬ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ይህንኑ ነው የማስበው።"

ያን ሁሉ ዓመት የታመቀ ቂሜ አፌ ላይ ቀረ። በብርድ የተቆረጠመው እግሬ ትዝ ብሎኝ ልስቅም ቃጣኝ፣ ላለቅስም ቃጣኝ።

አባ ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጥተው ወደ ከድር ወረዱ። "ልጄ፣ ቦቲህን አድርግ" አሉት።

"አባቴ፣ ለቦታው ክብር ብዬ ነው እኮ…"

"የቦታው ክብር የዚያ ሰው ልጅ ነው" አሉ፣ አባትየውን እያመለከቱ። "ዛሬ ልመና የለም። አዝዤሃለሁ።"

ከድር ቦቲውን አደረገ። መነኩሴው ውኃው ዳር ተንበረከኩ፤ ቀሚሳቸው ረጠበ። መቅዘፊያውን በእጃቸው ይዘው እግሩን አስገቡለት፤ ማሰሪያውን ተረከዙ ላይ አሳረፉ። ሌላውንም እንዲሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልክ ነው? አንተ እይልኝ" አሉ። አራግፍ አልሁት። አራገፈ። ልክ ነበር።

ገመዱን ያዝሁ። ሳብ፣ ላላ፣ ሳብ፣ ላላ። ሁለት ጊዜ ተሳበ። አባትየው ፊቴን አይተው ተነሱ። ወደ ላይ ስስበውም ገመዱ ምቱን አልሳተም። ከብዶኝ ነበር፤ እንደከበደኝ መጣ።

አስተማሪውን ዳር ስናወጣ ነፋሱ ገና አልደረሰም። አባትየው ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት፤ የልጃቸውን ሁለቱንም እጆች ይዘው አልለቅ አሉ። "ዱርቤቴ እወስደዋለሁ። እናቱ አጠገቧ ትቀብረዋለች" አሉ፣ ለማንም አይደለም። አባ ፍትሐቱን ጀመሩ። ሲጨርሱ ሄጄ ጎንበስ አልሁ፤ መስቀላቸውን ተሳለምሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ ትንሽ አቆዩት።

ከድር አሸዋው ላይ ተቀምጦ ያለከልካል። እንዳየኝ አንድ እግሩን ወደ ላይ አንሥቶ አራገፈው።

"አልወለቀም፣ ጋሼ" አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥሁ።